ምሳር ገንፎ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለአጎቴ የአርባ ቀን ሰደቃ ደጋን ሄጄ ነበር። ደጋንን ለማታውቁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ደጋ ደጋ ቢልም አየሯ ወደ ቆላው ያደላል። የባቲን የሰኞ ገበያ ለማየት የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል፤ ወርዶ ሻይ የሚጠጣባት ጥቂት ነው። እኔ ግን የእናቴ ወንድም የኖረው እዚያ ስለሆነ የልጅነት ክረምቶቼን ያሳለፍኩት እዚያው ነው። ወሎ ነውና ዝምድናችን ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ነው፤ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገኝ ለሌላ አገር ሰው ብቻ ነው።

ሰደቃው ላይ ዱዓው ተደርጎ፣ ምግቡ ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እንደ ወጉ ስለ ሟቹ ይወራ ጀመር። ሁሉም ደግነቱን አነሳ። ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ግን የእርሻ ጎረቤቱ ነበር።

«እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይፈጠርም!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ድንበር ተጋርተን አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። አንድ ቀን!»

ሰዉ «እውነት ነው፣ አላህ ይዘንለት» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ሰማንያውን ሳይዘሉ ያልቀሩ ሽማግሌ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምንስ ክፉ ቃል ይወጣዋል፤ ምሳር ገንፎ ነበራ!» አሉኝ።

መጀመሪያ ስለ ምግብ የሚያወሩ መሰለኝ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ምሳር ገንፎ። ዛፍ ነው፣ ልጄ። አንተ አታውቀውም፤ እዚህ አይበቅልም።»

ለካ ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን ባሌ ወርደው ሐረና ጫካ ጣውላ ሲሰነጥቁ ኖረዋል። «ወይራን ስትመታው ምሳሩ ይመለስብሃል» አሉኝ። «ክንድህን ይነዝርሃል። ዛፉ ይመልስልሃል ማለት ነው። ምሳር ገንፎ ግን ነጭ ነው፣ ገር ነው። ምሳሩ ሲገባበት ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ነው። ታዲያ ሰንጣቂ ጧት ጫካ ሲገባ፣ ገና ክንዱ ሳይፍታታ፣ በማን የሚጀምር ይመስልሃል?»

ዝም ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና በዓይናቸው ወደዚያ ወደ ጎረቤትየው እያመለከቱ፣ «በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ገብቶታል። በሬ ጠምዶ ድንበር ላይ ሲደርስ አንድ ፈር ወደ ጎረቤት ማሳ መግፋት ነው። አንድ ፈር ምን አላት? ለከሳሽ ታሳፍራለች፤ ለዳኛ ታሰለቻለች። በዓመቱ ግን ሌላ ፈር አለች።

*

አዲስ አበባ ከተመለስኩም ነገሩ አልለቀቀኝም። ሥነ ጽሑፍ ማስተማሩን ከተውኩ ቆየሁ፤ አመሉ ግን እኔን አልተወኝም። አንድ ቃል ከያዘኝ ሳልፈታው አልተኛም። ስለዚህ የዛፉን ነገር ከዕፅዋት መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ።

በሳይንሱ አጠራር ኢሌክስ ሚቲስ ይባላል። በፈረንጅ የገና ካርድ ላይ እሾሃም አረንጓዴ ቅጠልና ቀይ ፍሬ ያለውን ተክል አይታችሁ የለ? ሆሊ የሚሉትን? የእሱ ዘመድ ነው። ደቡብ አሜሪካውያን እንደ ሻይ የሚጠጡት ማቴም የዚሁ ወገን ነው። ወገኑ በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉት፤ በኢትዮጵያ ጫካ በተፈጥሮው የሚበቅለው ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። እርጥበት ያለውን የተራራ ጫካ፣ በተለይም የወንዝ ዳር ይወዳል። 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ግንዱ ነጣ ያለ ነው፤ የቅጠሉ እጀታ ወደ ቀይ ይመታል። ትናንሽ ነጫጭ አበቦች ያወጣና፣ ኋላ ቀያይ ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል። ከእኛ ጫካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ አለ።

የስሙ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። ካርል ሊኔየስ የተባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲመዘግበው መጀመሪያ የመደበው ስሙ በግሪክ «ብረት እንጨት» ማለት ከሆነ ወገን ነበር። ከጎኑ ግን በላቲን «ገር፣ የማይዋጋ» የሚል ቅጽል ጨመረበት። ገሩ ብረት እንጨት እንደማለት ነው። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ከብረት እንጨቶቹ አውጥተው ከሆሊዎቹ ቀላቀሉት፤ «ገር» የሚለው ቅጽል ግን አብሮት ዘለቀ። ከሆሊዎቹ መካከልም ስሙ ተስማምቶታል፤ የአውሮፓ ዘመዱን ቅጠል የጨበጠ እጁን ይወጋል፣ የእኛው ግን እሾህ የለውም። ደቡብ አፍሪካውያን ነጮች ደግሞ ከስሞቹ አንዱን «የውሃ ዛፍ» ብለውታል፤ የሚቆመው ውሃ አጠገብ ነዋ። ቅጠሉን በእጅ ሲያሹት እንደ ሳሙና አረፋ ስለሚያወጣም ገላ ይታጠቡበት ነበር።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንዱ ቅጠሉን ዳስሶ ገር አለው። ሌላው ጎረቤቱን አይቶ የውሃ ዛፍ አለው። እኛስ? እኛ ምሳርን ጠየቅነው። ምሳርም «ገንፎዬ ነው» አለን። ገንፎ ደግሞ በእኛ ቤት ተራ ምግብ አይደለም፤ በቅቤ ርሶ ለአራስ የሚቀርብ ነው። ዛፉን የሰየምነው ምሳርን እንደ አራስ አስቀምጠን ስናጎርሰው ነው ማለት ነው!

ይህን ሳስብ የዚያ ጎረቤት ንግግር ሌላ ድምፅ ይዞ መጣብኝ። «ሠላሳ ዓመት ክፉ ቃል አልወጣውም» ያለው እኮ ውሸቱን አይደለም። ከልቡ ነው ያመሰገነው። ምሳርም እኮ ቢናገር ምሳር ገንፎን ከዛፎች ሁሉ አብልጦ ያመሰግናል፤ ወይራን «አስቸጋሪ፣ ጠበኛ» ይለዋል። ታዲያ የዋህነትን እንዲህ በየለቅሶ ቤቱ የምናወድሰው ለየዋሁ ብለን ነው ወይስ ለክንዳችን ስላልከበደን?

*

በሌላ ሰው ድንበር ገፊነት ላይ መፍረድ ይቀላል። ስለ ራሴ ልናገር።

በ1990ዎቹ ውስጥ፣ እዚህ ስሙን በማላነሳው አንድ የትምህርት ተቋም ሳስተምር፣ ከክፍላችን አንድ መምህር ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ይዛወር ተባለ። ማን ይሂድ የሚለውን ለመወሰን ሦስት ሆነን ተቀመጥን። አንደኛው መምህር ምላሱ አይቻልም፤ በየስብሰባው ያዋርደናል። ሁለተኛዋ ዘመድ አላት። ሦስተኛው ክስ ይወዳል። አራተኛው ዝምተኛ ነበር። ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያስተማረው እሱ ነው፤ አሮጊት እናቱን ይጦር የነበረውም እሱ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ግን ስሙ ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት እፎይታ ተሰማ። እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ወንበሮቹ እንኳ የላሉ ይመስል ነበር።

ጠርተን ነገርነው። መሬት መሬት አየና ዝም አለ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ…» አለ። እሱ አሁንም ዝም።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነኝ፣ ቃል እመርጣለሁ። «ዝም አሉ» ብሎ መጻፍ ለቃለ ጉባኤ አይሆንም። «ተቃውሞ አላቀረቡም» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት፤ ደረቀብኝ። ሰረዝኩት። «በውሳኔው ተስማምተዋል» አልኩ። አማረ። ሦስታችንም ፈረምን።

ሰውየው ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ማስተማሩን ጨርሶ እንደተወ ሰማሁ። እናቱ እሱ በሌለበት መሞታቸውንም ሰማሁ። «ምስኪን፣ ደግ ሰው ነበር» ተባባልን። ሰውየው አልሞተም፤ እኛ ግን «ነበር» አልን።

*

ይህን የመሰለ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ወዳጆቼ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። «ታዲያ ለምን አይናገርም? ነቃ ማለት ነው! በዚህ ዘመን እሾህ የሌለው ይበላል።» ልጆቻችንንም የምንመክረው ይህንኑ ነው። «የዋህ» የሚለው ቃል ራሱ እንኳ በከተማው አፍ ምስጋና መሆኑ እየቀረ፣ ሞኝን በጨዋ ስም መጥሪያ ሆኗል።

እሾህ አውጣ የሚለው ምክር መልስ ያለው ከራሱ ከሆሊው ነው። የአውሮፓው ሆሊ ቅጠል ሁሉ እኩል እሾሃም አይደለም። ከታች፣ ከብትና አጋዘን በሚደርሱበት ላይ እሾሁ ይበዛል፤ ከላይ፣ አፍ በማይደርስበት፣ ቅጠሉ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ተመራማሪዎችም የተበላው ዛፍ ኋላ የሚያወጣው ቅጠል ይበልጥ እሾሃም እንደሚሆን አይተዋል። እሾህ እንግዲህ የዛፉ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የበሉት አፎች ማስታወሻም ነው። እሾህ የበዛበትን ሰው ስናይ «ምን ዓይነት ክፉ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ማን ግጦት እንደሄደ መጠየቅ ደግ ነው። የዋሁን ሁሉ «እሾህ አውጣ» ማለት ደግሞ ለግጦሹ ፈቃድ እንደመስጠት ነው። ነገሩን ሁሉ በተገጣጩ ላይ ጣልን፤ በጋጩስ ላይ?

ደግሞስ እሾህ ያድናል? ለዚህ ምስክሮች የወሎ ተራሮች ናቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ እየተባለ በየተዳፋቱ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንት ተራራ ከሰውና ከእንስሳ ተከለለ! ጠባቂ ተቀጠረለት። ጠባቂው የጫካው እሾህ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየን እናውቃለን፤ «የመንግሥት ዛፍ ነው» እየተባለ በብዙ ቦታ በምሳር ተጨፈጨፈ። ከቆራጮቹ መካከል ችግኙን በገዛ እጃቸው የተከሉ ነበሩ። እሾሁ ከረገፈ በኋላ ዛፉን የሚጠብቀው አንድም ነገር በሰዉ ልብ ውስጥ አልተተከለም ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ማንም ሳይጠብቃቸው የቆሙ ዛፎች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ጥድና ወይራ፣ የሼሆቹ መቃብር ላይ ያለው ዋርካ። ክርስቲያኑ የሼሁን፣ ሙስሊሙ የደብሩን ዛፍ አይነካም። ዛፎቹ እሾህ የላቸውም። ምሳር የያዘው ሰው ግን እዚያ ሲደርስ እጁ ይከብደዋል። ማንም ሳያየው ይከብደዋል። የተከለከለው ዛፉ ሳይሆን እጁ ነው። እኔ ሥነ ምግባር የምለው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ የሌላው ዝምታ ዘንድ ሲደርስ የሚከብድ እጅ።

ግን እዚህም ላይ ራሳችንን እንዳንሸነግል። አንዳንድ ዛፍ ማስተረፍ ዛፍን ማዳን አይደለም። ምሳር ገንፎ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፍ ነው። ሴቷን ብቻዋን ወንዝ ዳር ብናስቀራት፣ ትለመልማለች፣ አበባም ታወጣለች። ያያት ሁሉ «አለች» ይላል። በአካባቢው ወንድ ዛፍ ከሌለ ግን ፍሬ አትይዝም። በእሷ ያበቃል። እኛም በየሰፈሩ አንድ አንድ ደግ ሰው አስቀርተን፣ እሱን እያወደስን፣ «ደግነት በአገራችን አለ» እንላለን። ደግ ሰው ደግነቱን የሚመልስለት ሌላ ደግ ሰው በአጠገቡ ከሌለ፣ ያው አበባ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአንድ የሐምሌ ቀን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ ተከልን ተብሎ ነበር። መትከሉ ደግ ነው፤ እኔም ተክያለሁ። አንድ ነገር ቆሞ እንዲቀር ግን ጎረቤትም ያስፈልገዋል።

*

የአጎቴ ልጅ የነገረችኝን እስካሁን ያቆየሁት ሳልጽፈው ለመቅረት ስለዳዳኝ ነው። ያሰብኩትን ሁሉ ያፈርስብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ያን ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ የሽማግሌውን ቃል ነገርኳት። «አባትሽን ምሳር ገንፎ አሏቸው» አልኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ ገር አልነበረም» አለችኝ። «ይቆጥር ነበር። በየዓመቱ ማረሻ ከወጣ በኋላ ማታ ማታ ሄዶ ድንበሩን በእርምጃ ይለካል። ስንት ፈር እንደተወሰደበት እኛም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ወንድሜ ተናዶ ዱላ ሲያነሳ፣ ‹ለፈር የሞተ ሰው ቀብሬያለሁ፤ አንተን አልቀብርም› አለው። በቃ። ከዚያ ወዲህ አላነሳነውም።»

«ታዲያ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ለምን አልተናገሩም?» አልኳት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ማሳው የተለካው ጎረቤት ባለበት ነው።

«ጠየቁት። ‹በድንበሩ ላይ ቅሬታ አለ?› አሉት። ዝም አለ። ‹የለም› ብለው ጻፉ።»

ያን ጊዜ ነው ሰውነቴን አንድ ነገር የወረረኝ። «ተስማምተዋል» ብዬ የጻፍኩት እጅ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የአጎቴ ዝምታ የገንፎ ዝምታ አልነበረም። ብረት እንጨት ነው፤ ልጁን ላለመቅበር የወሰነ ሰው ዝምታ። ሁላችንም ግን፣ ጎረቤቱም ለኪውም ሽማግሌውም እኔም፣ ልስላሴ ነው ብለን አነበብነው፤ እንዲያ ብናነበው ይቀለን ነበርና። ሊኔየስ ሳያስበው ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ያስቀመጠው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ገርም ብረትም መሆን ይቻላል።

የዋህነት ጥፋት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ከተሳሳተ ጫፍ መጀመር ነው። ዝም ያለ ሰው ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ንቆ ሊሆን ይችላል፤ ከእኛ የማናውቀውን አንድ ነገር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የማወቅ ዕዳ ያለበት ምሳር የያዘው ነው። ብዕርም ምሳር ነው።

ከደጋን በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት የዚያን መምህር ስልክ ቁጥር አፈላልጌ አገኘሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል። ስሜን ስነግረው ደስ አለው፤ እንደዚያ በመሆኑ ባሰብኝ። ስለ ልጆቻችን ጠየቀኝ፤ ጽሑፎቼን እንደሚያነብ ነገረኝ። በመጨረሻ እንደምንም ነገሩን አነሳሁት።

«ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ምን ብለህ ነበር የጻፍከው? አላሳያችሁኝም እኮ።»

ነገርኩት። ሁለቱን ቃላት ብቻ፣ ሳላስውብ። የሰረዝኩትንም ነገርኩት።

በስልኩ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሲሠራ ይሰማኝ ነበር። እሱ ዝም አለ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኋላ «ደንበኛ መጣብኝ፣ እንገናኛለን» ብሎ ዘጋው።

ያን ዝምታ ምን ነው ብዬ እንደምጽፈው አሰብኩ። ይቅር ብሎኛል ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላለም። ዝም አለ፤ እኔም ዝም አለ ብዬ ጻፍኩ።